የትራፊክ ቅጣትን ያለ ጠበቃ መቃወም፦ መጀመሪያ ክርክሩ፣ ይግባኙ ከዚያ በኋላ

ጥያቄ፦ «ባለፈው ሳምንት የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ ላይ 68 ነድተሃል ተብዬ በራዳር ተይዣለሁ። እኔ የፍጥነት መለኪያዬን አይቼ ነበር፤ 55 ነው የሚለው። ከጎኔና ከኋላዬ ሌሎች መኪኖችም ነበሩ፤ ሁሉም እንደ እኔ ነበር የሚነዱት። የቅጣት ወረቀቱ ላይ የመኪናዬ ቀለም ነጭ ተብሎ ተጽፏል፤ መኪናዬ ግን ብርማ ናት። አንዳንድ ጓደኞቼ ቀለሙ ስለተሳሳተ ወረቀቱ ውድቅ ነው ይሉኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ፖሊሱ ችሎት ካልቀረበ በነፃ ትሰናበታለህ ይላሉ። ጠበቃ ለማቆም አቅሙ የለኝም። ቅጣቱን ከፍዬ ከዚያ ይግባኝ ብል ይሻላል ወይስ ሳልከፍል ራሴ ልከራከር?»

ምላሽ፦ አይክፈሉ። ይግባኝ የሚባልበት ደረጃ ላይም ገና አልደረሱም። ይግባኝ ማለት የሥር ፍርድ ቤት ግራ ቀኙን ሰምቶ ከፈረደ በኋላ ውሳኔው ስህተት አለበት ተብሎ ለበላይ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ቅሬታ ነው፤ በእጅዎ ያለው ግን ፍርድ ሳይሆን ክስ ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። በመጀመሪያ ደረጃ ክርክር ላይ የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው፤ እርስዎ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቢቀመጡ እንኳ ከሳሹ ክሱን ካላስረዳ ሊያሸንፍ አይገባም። በይግባኝ ላይ ግን ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ የሥር ዳኛው የቱ ላይ እንደተሳሳተ ማሳየት ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ምስክርም በአብዛኛው እንደ አዲስ አይሰማም፤ በሥር ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሲችል ያልቀረበ ፎቶግራፍም ብዙ ጊዜ ተቀባይ አያገኝም። ዋናውን ማስረጃውን ለይግባኝ የሚያቆይ ሰው የሚያቆየው ለማይሰማበት ቦታ ነው።

ቅጣቱን መክፈል በአብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች ጥፋቱን እንደ ማመን ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ገቢ ሲሆን መዝገቡ ይዘጋል፤ የጥፋት ነጥብ በሚያዝበት ቦታም ነጥቡ በመንጃ ፈቃድዎ ላይ ይመዘገባል። ከዚህ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ቦታ ክርክሩ እንዲሰማ ገንዘብ አስቀድሞ ማስያዝ ይጠየቃል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ አሽከርካሪው ችሎት ሳይቀርብ በጽሑፍ መከራከር ይችላል፤ ነገር ግን የቅጣቱን ልክ ያህል ያስይዛል፤ ከረታ ይመለስለታል፤ ከተረታ ደግሞ ውሳኔው ከተላከለት በ20 ቀን ውስጥ ጉዳዩ በአካል ተገኝቶ እንደ አዲስ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ይህ መያዣ እንጂ ክፍያ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት የሚፈርሙበት ወረቀት ጥፋቱን እንዳመኑ የሚገልጽ ሐረግ ያለበት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ቃል በቃል ያንብቡ፤ ካለበት አይፈርሙ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቸኩለው የተቃውሞ ማቅረቢያ ጊዜ ነው። በጀርመን የቅጣት ውሳኔው ከደረሰ በ2 ሳምንት ውስጥ ተቃውሞ መቅረብ አለበት፤ በካናዳ ኦንታሪዮ ጊዜው 15 ቀን ነው፤ በፈረንሳይ ደግሞ 45 ቀን። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ የእርስዎ ቁጥር በቅጣት ወረቀቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። መዘዙ ግን በየትም አንድ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የቱንም ያህል እውነት ቢኖርዎ የሚሰማዎት የለም፤ ጊዜው ያለፈው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን አስረድተው ማስፈቀድ ካልቻሉ በቀር። ተቃውሞው አጭር ይሁን፤ የመዝገቡን ወይም የቅጣት ወረቀቱን ቁጥር፣ ስምዎንና አድራሻዎን ከጻፉ በኋላ ክሱን እንደማያምኑና ችሎት ቀርበው መከራከር እንደሚፈልጉ መግለጽ ይበቃል። መኪናውን ለምን በዚያ ፍጥነት እንደነዱ፣ የት እየሄዱ እንደነበር፣ መለኪያዎ ስንት ይል እንደነበር አሁን አይጻፉ። በዚህ ደረጃ የጻፉት ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ በኋላም በራስዎ ላይ ይነበባል። ማመልከቻውን በአካል ካስገቡ በግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገው ያስቀሩ፤ በፖስታ ከላኩ በአደራ ልከው ደረሰኙን ይያዙ።

አሁን ወደ ክሱ ሥር እንግባ። የፍጥነት ክስ እንዲረጋገጥ ከሳሹ የሚያስረዳቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ መንገዱ የተባለው የፍጥነት ወሰን ያለው መሆኑ፣ ተሽከርካሪው ከዚያ በላይ መሄዱ፣ መለኪያው የሚታመን መሆኑ፣ የተለካችው መኪና የእርስዎ መሆኗና መሪውን የያዙት እርስዎ መሆንዎ። በዝርዝሩ ውስጥ «ሆን ብሎ» የሚል የለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 የሶልት ሴንት ማሪ ከተማ ጉዳይ ላይ ጥፋቶችን በሦስት ከፍሏል፤ የአጥፊው ሐሳብ መረጋገጥ ያለበት፣ ተከሳሹ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ የሚያመልጥበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ድርጊቱ መፈጸሙ ብቻ የሚያስቀጣበት። በፍጥነት ማሽከርከር በብዙ ቦታ የሚታየው እንደዚህ እንደ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ይኸው ፍርድ ቤት በ2006 በመንጃ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ማብቂያ ቀን የክፍያ ቀን መስሎት ጊዜው ባለፈበት ፈቃድ ሲነዳ የተያዘን ሰው ጉዳይ ተመልክቶ፣ አለማወቅና ዝም ብሎ መቀመጥ ጥንቃቄ ማድረግ አይባልም ብሏል። እንግዲህ «ሁሉም እንደ እኔ ነበር የሚነዱት» የሚለውን አረፍተ ነገር ከአሁኑ ይሰርዙት። ዳኛው የሚሰማው «ወሰኑን አልፌያለሁ፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም» የሚል የእምነት ቃል ነው።

የሌሎቹ መኪኖች መኖር ግን በሌላ በኩል ሲታይ ምናልባት በእጅዎ ያለው ጠንካራው ነገር ነው። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ በሚንቀሳቀስ አካል ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ መሣሪያው ያንን ለውጥ ወደ ፍጥነት ቀይሮ ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ግን መሣሪያው አይናገርም፤ የሚወስነው መሣሪያውን የያዘው ሰው ዓይን ነው። ጨረሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ስለሚሰፋ ሁለትና ሦስት መኪኖችን በአንድ ጊዜ ሊሸፍን ይችላል፤ ራቅ ብሎ ያለ ትልቅ የጭነት መኪና ቀረብ ካለች ትንሽ መኪና የበረታ ሞገድ ሊመልስ ይችላል። በሌዘር በሚሠራው መለኪያ ይህ ክርክር ይደክማል፤ የዚያ ጨረር በ300 ሜትር ርቀት ላይ እንኳ ስፋቱ ከ1 ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ አነጣጥሮ አንዷን መኪና መለየት ይቻላል። እርስዎ «ራዳር» ያሉት መሣሪያ በእርግጥ ራዳር ይሁን ሌዘር ሳያጣሩ ስለ መኪኖች ብዛት መከራከር አይጀምሩ። ብዙ ሰው በእጅ የሚያዘውን ሁሉ ራዳር ይለዋል።

መሣሪያውን በተመለከተ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር አንድ አደገኛ ምክር አለ፤ «ፖሊሱ ከመንገዱ ዳር በማዕዘን ቆሞ ስለለካኝ ቁጥሩ የተሳሳተ ነው» ይበሉ የሚል። ቆሞ የሚለካ ራዳር ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ማዕዘን በሠራ ቁጥር የሚያሳየው ፍጥነት ከእውነተኛው ያንሳል እንጂ አይበልጥም። በ20 ዲግሪ ማዕዘን ላይ በ68 የምትሄድ መኪና 64 ገደማ ሆና ትነበባለች። ስለዚህ መሣሪያው 68 ካሳየና እርስዎ የማዕዘኑን ነገር ካነሡ፣ የሚያስረዱት ከ68 በላይ እየነዱ እንደነበር ነው። በካሜራ የተነሡ ቢሆን ደግሞ ስሌቱን ራስዎ መሥራት ይችሉ ነበር፤ አንዳንድ ካሜራዎች በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ፎቶ ያነሣሉ። በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 18.9 ሜትር ነው፤ በግማሽ ሰከንድ 9.4 ሜትር ገደማ። በ50 የሚሄድ መኪና በዚያው ጊዜ የሚጓዘው 6.9 ሜትር ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ የተሰመሩ ምልክቶች ካሉ የ2.5 ሜትር ልዩነት በዓይን ይታያል።

የፍጥነት መለኪያዎን ነገር ረጋ ብለን እንየው፤ የጉዳይዎ ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የመኪና ፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ቁጥር እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብልጦ ቢያሳይ ግን ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶና በዚያ ላይ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅድለታል። በዚህ ስሌት መለኪያዎ 55 ሲል እውነተኛው ፍጥነትዎ ከ46 እስከ 55 ባለው ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ መኪናው በእርግጥ 68 ይሄድ ከነበረ ደግሞ መለኪያው ከ68 በታች ማሳየት አልነበረበትም። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ይህ ለእርስዎ የሚጠቅም ነጥብ ይመስላል። ይሁን እንጂ 55 ማለቱን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ከዚያም መለኪያው ትክክል መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ያስፈልግዎታል። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት የሰፋ ጎማ ከተገጠመለትም ስሌቱ ይፈርሳል፤ የጎማው ዙሪያ በ5 በመቶ ሲያድግ መኪናው መለኪያው ከሚለው 5 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል።

ወጥመዱ ግን ሌላ ነው። ወሰኑ 50 ነው። ችሎት ቆመው «መለኪያዬ 55 ነበር የሚለው» ሲሉ ከወሰኑ በላይ እንደነዱ በራስዎ አንደበት እየነገሩ ነው፤ ያን ጊዜ ዳኛው ስለ ራዳሩ መጨነቁን ሊያቆም ይችላል። ይዋሹ ማለቴ አይደለም፤ ፈጽሞ። በአብዛኛው ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፤ የምስክርነት ቃል ላለመስጠት መምረጥና ክርክርዎን በከሳሹ ማስረጃ ድክመት ላይ ብቻ መመሥረት መብትዎ ነው። ለመመስከር ከመረጡ ግን እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ የለም። ምርጫው በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የቅጣት እርከኖቹን ይመልከቱ። በ5 ኪሎ ሜትር ማለፍና በ18 ኪሎ ሜትር ማለፍ በተለያየ እርከን የሚያስቀጡ ከሆነና የጥፋት ነጥቡም የሚለያይ ከሆነ፣ መለኪያውን አስመርምረው 55ን ማመን ከባዱን ወደ ቀላሉ ሊያወርድልዎ ይችላል። እርከኑ አንድ ከሆነ ግን ያችን ቁጥር ማንሣት ምንም የሚያተርፍልዎ ነገር የለም።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። ጓደኞችዎ ተሳስተዋል፤ በቅጣት ወረቀት ላይ ያለ የጽሕፈት ስህተት ወረቀቱን ውድቅ አያደርገውም። ፍርድ ቤት እንዲህ ዓይነቱን ግድፈት በክርክሩ መካከል እንዲታረም ሊፈቅድ ይችላል፤ እርስዎም አስቀድመው ስህተቱን በማመልከቻ ካሳወቁ ያተረፉት ለከሳሹ የማረሚያ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ክብደት ያላቸው ስህተቶች ተከሳሹ በምን እንደተከሰሰ እንዳያውቅ የሚያደርጉት ናቸው፤ የተጣሰው አንቀጽ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሰሌዳ ቁጥሩ። ሆኖም የቀለሙ ስህተት ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። ነጭ የተባለችው መኪና ብርማ ከሆነችና በጨረሩ ውስጥ ሌሎች መኪኖች ከነበሩ፣ ፖሊሱ ፍጥነቷን የለካት መኪናና ያስቆማት መኪና አንድ ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ መሠረት ያገኛል። የመለያ ጥያቄን ለመደገፍ ይጠቀሙበት፤ ወረቀቱን ለማፍረስ አይደለም።

ፖሊሱ ካልመጣ ነፃ ይወጣሉ የሚለውም እንዲሁ ነው። ምስክር በቀረበት ቀን መዝገቡ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ቀጠሮው የሚለወጥበት፣ ፖሊሱ በቪዲዮ የሚመሰክርበት፣ የጽሑፍ ቃሉ ብቻ የሚበቃበትም አለ። ይልቅ እርስዎ ካልቀረቡ የሚሆነው በእርግጠኝነት የከፋ ነው፤ ጉዳዩ በሌሉበት ሊታይና ቅጣቱ ሊጸና ይችላል።

ተቃውሞውን ካስገቡ በኋላ ያለው ዋናው ሥራ ማስረጃ መጠየቅ ነው፤ ያለ ጠበቃ የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ለዐቃቤ ሕጉ ወይም ክሱን ላቀረበው ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመሣሪያውን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ በዕለቱ የጸና የልኬት ማረጋገጫ ወረቀት፣ ፖሊሱ ሥራ ሲጀምርና ሲጨርስ መሣሪያውን ስለመፈተሹ የያዘውን መዝገብ፣ በመሣሪያው ላይ የሠለጠነበትን ማስረጃ፣ በቦታው የጻፈውን ማስታወሻ፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ካለ እሱን። ከከለከሉዎት ዝም ብለው የክርክሩን ቀን አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው ያመልክቱ፣ ትእዛዝ ይጠይቁ፣ ጥያቄዎ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። በዚህ መካከል ወደ ቦታው ተመልሰው ይሂዱ። የፍጥነት ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኖ ወይም ተጣሞ እንደሆነ በመጡበት አቅጣጫ፣ በተያዙበት ሰዓት፣ በተቀመጠ ሾፌር ዓይን ከፍታ ልክ ከተለያየ ርቀት ፎቶ ያንሡ፤ ከመኪናው ወርደው እንጂ እየነዱ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ከየት ቆሞ እንዳነሣው መመስከር ካልቻሉ ፎቶው ብዙም አይመዝንም።

በችሎት ዕለት የእርስዎ ትልቁ መሣሪያ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ለከሳሹ ምስክር የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው፤ ሰዎች ግን ጥያቄ መጠየቅ ያለባቸው ቦታ ላይ ንግግር ያደርጋሉ። ፖሊሱን አይሟገቱት፤ «ዋሽተሃል» አይበሉት። አጭር፣ አንድ ነገር ብቻ የያዘ ጥያቄ ያቅርቡ። «መሣሪያው ቁጥሩን ባሳየዎት ጊዜ በዚያ አቅጣጫ ስንት ተሽከርካሪዎች ይመጡ ነበር?» «የእነዚያ ተሽከርካሪዎች ብዛት በማስታወሻዎ ላይ ተጽፏል?» «መኪናዋ ስንት ሜትር ርቀት ላይ ነበረች?» «በማስታወሻዎ ላይ ቀለሟ ምን ይላል?» «ያንን የጻፉት መኪናዋን ካስቆሙ በኋላ ነው?» እዚህ ላይ ይቀመጡ። በወረቀትዎ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ከስምንት ከበለጡ ይቀንሷቸው።

ለምን እንዲቀመጡ እንደምል አንድ የተከታተልኩት ችሎት ያስረዳልኛል። ተከሳሹ ጠበቃ የለውም፤ ነገር ግን ተዘጋጅቷል። ፖሊሱን «ስንት መኪና ነበር?» ሲለው «አራት» አለ። «በማስታወሻዎ ላይ አለ?» ሲለው «የለም» አለ። ዳኛው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። በዚያች ቅጽበት ክሱ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ተከሳሹ ግን ደስ ብሎት አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ «ታዲያ ከአራቱ የኔ መሆኗን በምን አወቁ?» ፖሊሱ ዞር ብሎ ለዳኛው ማብራራት ጀመረ፤ መኪናዋ ሌሎቹን ጥላ ወደ ፊት መውጣቷን፣ ብቻዋን ሆና እስክትቀርብ መጠበቁን፣ ቁጥሩም ከዚያ በኋላ አለመለወጡን ተናገረ። ዳኛው ያንንም ጻፈ። ከዐቃቤ ሕጉ ያልመጣው ማስረጃ በተከሳሹ ጥያቄ መጣ። «ለምን» እና «እንዴት» ብለው የሚጀምሩ ጥያቄዎችን ለምስክሩ አይስጡ፤ ክፍተቱን ለዳኛው የሚያሳዩት በመጨረሻው የክርክር ንግግርዎ ነው፤ ያን ጊዜ ምስክሩ መልስ አይሰጥም።

ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ በቀን ተቀን ኑሮ ቢግባቡበትም፣ ለመመስከርና ለመጠየቅ የማይተማመኑበት ከሆነ አስተርጓሚ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህ ለትንንሽ ጉዳዮች አይሠራም የሚልዎት ካለ የኦዝቱርክን ጉዳይ ያንሡ። ጀርመን ይኖር የነበረ ቱርካዊ በ1978 ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ 60 ማርክ ተቀጣ፤ ተቃውሞ አቀረበ፤ በኋላ ተቃውሞውን ቢያነሣም የአስተርጓሚውን ወጪ 63.90 ማርክ እንዲከፍል ተጠየቀ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1984 ጥፋቱ በጀርመን ሕግ የአስተዳደር ደንብ መተላለፍ ተብሎ ቢጠራም ቅጣቱ የወንጀል ክስ ባሕርይ ስላለው አስተርጓሚ በነፃ ሊሰጠው ይገባ ነበር ሲል ወሰነ። ከቅጣቱ ራሱ በጥቂቱ በምትበልጥ ሂሳብ የተነሣው ይህ ክርክር፣ ትንሽ የምትባል የትራፊክ ቅጣትም በፍትሐዊ ችሎት የመሰማት መብትን እንደምታስከትል አጽንቷል። የቤተሰብ አባል እንዲያስተረጉም አያምጡ፤ ያዝንልዎታል እንጂ ቃሉን በትክክል አያደርስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ማሳነስ አይቻልም። መኪናውን ሌላ ሰው ይነዳት ነበር ብሎ ነጥቡን በትዳር ጓደኛ ወይም በወንድም ስም ማስመዝገብ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ብልሃት ይቆጥረዋል። በእንግሊዝ በ2003 በፍጥነት የተያዘ፣ በኋላ የካቢኔ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነጥቡን የዚያን ጊዜ ሚስቱ ወስዳለት ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። የፍጥነት ቅጣቱ ግን በገንዘብና በነጥብ የሚያልቅ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ጊዜው ሳያልፍ ተቃውሞዎን ያስገቡ፣ ሳይከፍሉ ማስረጃውን ይጠይቁ፣ ከዚያ ይወስኑ። የሚደርስዎት ማስረጃ መሣሪያው ሌዘር መሆኑን፣ የልኬት ወረቀቱ የጸና መሆኑንና ማስታወሻው የተሟላ መሆኑን ካሳየ ከክርክሩ በፊት ዐቃቤ ሕጉን ያነጋግሩ፤ በዝቅተኛው እርከን እንዲታመን፣ በነጥብ ፋንታ ሥልጠና እንዲተካ ወይም ቅጣቱ በየወሩ እንዲከፈል መስማማት በሚቻልበት ቦታ ይህ ሽንፈት አይደለም። መሣሪያው ራዳር ከሆነ፣ ስለ ሌሎቹ መኪኖች የተጻፈ ነገር ከሌለና የፍተሻ መዝገቡ ከጎደለ ግን ይከራከሩ፤ በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የተዘጋጀ ሰው ያለ ጠበቃ የሚችለው ክርክር ነው፤ ዳኛውም ነጥቡን ይዞ የመጣን ሰው ይሰማል። ሰው ከተጎዳ፣ እስራት የሚያስከትል ከሆነ፣ ወይም በነጥቡ ምክንያት መንጃ ፈቃድዎን አጥተው እንጀራዎ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ብቻዎን አይቁሙ፤ የነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ክፍሎችን ጠይቀው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ምክር ያግኙ።

ከተረቱ፣ ይግባኝ የሚለው ቃል ቦታውን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት አይደለም፤ በጀርመን ለምሳሌ ከ250 ዩሮ በማይበልጥ የገንዘብ ቅጣት ላይ የበላይ ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በቀር በመርህ ደረጃ ቅሬታ አይቀርብም። የሚፈቀድበት ቦታም የሚጠየቁት «ዳኛው በሕጉ ላይ ምን ስህተት ሠራ?» የሚለውን ነው፤ ማስረጃ ተከልክለው ያመለከቱበት፣ ተቃውሞ አንሥተው የታለፈበት ገጽ በመዝገቡ ላይ ካለ የሚይዙት ነገር አለዎት። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ከችሎቱ ሳይርቁ ሬጅስትራር ዘንድ ሄደው የውሳኔውን ግልባጭ ያመልክቱ፤ የይግባኝ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያው ዕለት ሊሆን ይችላልና።